ከእርጥብ ጋር ደረቅ ይጠፋል

ባለፈው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሴ ወጥተን ደጀ ሰላሙ ላይ ስንጨባበጥ አንድ ወጣት ጠጋ አለኝ። ሚኒሶታ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከከተማ አርባ ደቂቃ ወጣ ብሎ ቤት ገዝቷል። የከተማ ጋዝ እዚያ አይደርስም፤ ጓሮው ውስጥ እንደ ነጭ በሬ የተጋደመ የፕሮፔን ታንክ አለው። በመጀመሪያው ክረምት ያን በሬ ሦስት ጊዜ አብልቶ ደንግጧል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቤትዎን በእንጨት ነው የሚያሞቁት አሉኝ። በዓመት ስንት ያተርፋል?»

«እንጨቱን መቼ ገዛህ?» አልኩት።

«ገና ልገዛ ነው። ቅዳሜ የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ።»

«እንግዲያው ዘንድሮ አያተርፍም።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። አጠገባችን የቆመው የልጅነት ወዳጄ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ወዲያው ገባበት። «አትስማው። ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል ሲባል አልሰማህም? እኔ ማታ ማታ ሁለት ደረቅ፣ አንድ እርጥብ ነው የምከተው። እርጥቡ ቀስ እያለ እስኪነጋ ያቆይልኛል። ቁጠባ ማለት እሱ ነው።»

እኔና እሱ በዚህ ነገር ስንጨቃጨቅ አሥራ አምስት ክረምት አልፏል። የዚያን ቀን ብርዱ ከባድ ነበር፤ ሚስቶቻችንም መኪና ውስጥ ይጠብቁን ስለነበር ሳልጨርስ ተለያየን። እዚህ ልጨርሰው።

በቅድሚያ የልጁን ጥያቄ ልመልስ፤ አጭር ነው። እዚህ አገር እንጨት የሚሸጠው በኮርድ ነው፦ አራት ጫማ በአራት ጫማ በስምንት ጫማ፣ ማለት 128 ኪዩቢክ ጫማ። (አንዳንድ ሻጭ አንድ ረድፍ ብቻ ደርድሮ «ፌስ ኮርድ» ይላችኋል። ፍልጡ 16 ኢንች ከሆነ የሙሉው ሲሶ ነው፤ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሜትር አውጡ።) አንድ ኮርድ የደረቀ አሽ ወይም ኦክ የሚባል እንጨት በደህና ምድጃ ሲነድ የ200 ጋሎን ፕሮፔን ያህል ሙቀት ይሰጣል። የጋሎኑን ዋጋ በ200 አባዙና የኮርዱን ዋጋ ቀንሱ፤ የቀረው ትርፋችሁ ነው። ቤቱ የከተማ ጋዝ የገባለት ሰው ግን እንጨት በገንዘብ እየገዛ አድናለሁ ቢል አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ይሸነግላል። እሳት መሞቅ አማረኝ ይበል፤ እኔም እረዳዋለሁ።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን «የደረቀ» ያልኩት ላይ የተንጠለጠለ ነው። አዲስ የተቆረጠ ቀይ ኦክ ከክብደቱ ግማሽ ገደማው ውሃ ነው። መቶ ኪሎ ፍልጥ ሳሎን ሲገባ ከ40 ኪሎ በላይ ውሃ አብሮ ገባ ማለት ነው። ሁለት ቢጫ ጀሪካን! እኛ ልጅ ሆነን ሁለት ጀሪካን ውሃ ከምንጭ ማምጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። እዚህ በዶላር ገዝተነው፣ በትከሻችን አስገብተነው፣ አፍልተን በጭስ ማውጫ እንሸኘዋለን።

ወዳጄ ለዚህ መልስ አለው። «ውሃውን ለማትነን የሚሄደው ሙቀት ጥቂት ነው» ይላል። እዚህ ላይ ልክ ነው፤ አልክደውም። ማትነኑ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጮህም ነበር። እንጨት ሲሞቅ ከፍሙ በፊት ጭስ ይወጣዋል፤ ጭሱ ደግሞ ነዳጅ ነው። ከእንጨቱ ሙቀት ከግማሽ የሚበልጠው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ያ ጭስ እንዲነድ የምድጃው ሆድ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መድረስ አለበት። መሃሉ ላይ አንድ እርጥብ ጉማጅ ስትከቱበት ሆዱ ይበርዳል፤ ያን ጊዜ የእርጥቡ ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ደረቆችም ጭስ ሳይነድ ይወጣል። ሁለት ደረቅ አንድ እርጥብ የሚለው ሰው ሦስቱንም አርጥቧል። ተረቱን ያወረሱን አባቶች ስለ ኃጢአተኛና ስለ ጻድቅ እንጂ ስለ ምድጃ አልተናገሩም።

እስኪነጋ ይቆያል የሚለውስ? አዎ፣ ይቆያል። የማይነድ ነገር ይቆያል። ድንጋይም ብትከቱበት እስኪነጋ ይቆያል።

ይህን ያህል የምመርረው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ ልክ እንደዚህ ልጅ በኦክቶበር ገዛሁ። ሻጩ «ሲዝንድ ነው» አለኝ፤ ቃሉን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት፤ የደረቀ ማለት ነው ብሎ አስረዳኝ። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ያፏጫል፤ ጫፉ ላይ አረፋ ይደፍቃል። ያፏጨው ውሃው መሆኑ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ! እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ የሞቀ ቤት ድምፅ መስሎኛል። መስታወቱ በሁለት ቀን እንደ ቡና ጀበና ጠቆረ። ላድን ብዬ ማታ ማታ የአየር ማስገቢያውን እዘጋለሁ። በጃንዋሪ አንድ ምሽት፣ ውጭው ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ሆኖ፣ እሳቱ አልያዝ ሲለኝ የዕቃ ካርቶን በላዩ ጨመርኩበት። ወዲያው ጣሪያው ላይ አውሮፕላን የሚነሣ የሚመስል ጩኸት መጣ። ቱቦው ቀላ። አየሩን ሁሉ ዘግቼ፣ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በረዶ ላይ ቆምኩ። እሳት አደጋዎች ደርሰው ቤቱ ተረፈ። በማግስቱ ከጭስ ማውጫው የወጣው ነገር ከአስፋልት ሬንጅ አይለይም፤ ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃል። ያ ሬንጅ በሙሉ የገዛሁት ሙቀት ነበር። ጭስ ማውጫውን ማደሱ የሦስት ዓመት ቁጠባዬን በላው።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ አንድ ሕግ አለ፤ የዘንድሮ እንጨት ዘንድሮ አይነድም። የምገዛውም የምቆርጠውም በማርች ነው፣ መሬቱ ሳይቀልጥ። ወዲያው እፈልጠዋለሁ፤ ግንዲላው እንደተጋደመ አሥር ዓመት ቢኖር ቅርፊቱ ሥር ይበሰብሳል እንጂ አይደርቅም። በአንድ ረድፍ፣ ከመሬት ከፍ አድርጌ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ እደረድራለሁ። የምሸፍነው አናቱን ብቻ ነው። ክምሩን በላስቲክ ጠቅልለው የሚያፍኑ ሰዎችን ሳይ እጄን ይበላኛል፤ የሰው ግቢ ገብቼ ገልጬ አውቃለሁ። አሽ አንድ በጋ ይበቃዋል። ኦክ ሁለት ይፈልጋል፤ በዚህ ምሕረት የለም።

አሽ ስል፣ በእንግሊዝኛ የአመድም ስም እንዲሁ አሽ ነው፤ ገና ሳይነድ አመድ የሚመስል ስም የያዘ ዛፍ! በዚህ ዘመን እንደ ስሙ ሆኗል። ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚሉት አረንጓዴ ጥንዚዛ በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ተገኘ፤ በ2009 ሴንት ፖል ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ዳር የቆመ አሽ እየደረቀ ይቆረጣል። ሰዎች «ውሰዱልን» ብለው በነፃ ይሰጣሉ። እወስዳለሁ፤ ነገር ግን ከሠፈሬ አላርቀውም፤ ጥንዚዛው በእንጨት ተጭኖ ስለሚጓዝ ከተከለከለ አውራጃ እንጨት ማውጣት ያስቀጣል። በቁሙ የሞተ ዛፍ ደርቋል ብላችሁም አትታለሉ። ቅርንጫፉ ይደርቃል፤ ግንዱ ውሃውን ይዞ ይቆያል።

እርጥበቱን ለመለካት በሁለት መርፌ የምትወጋ ትንሽ መሣሪያ አለች፤ ከ20 በመቶ በታች ካለች ይነዳል። ብዙ ሰው የሚወጋው የፍልጡን ውጭ ነው፤ ውጩ ሁልጊዜ ደረቅ ነው፤ ይዋሻል። ፍልጡን እንደገና ለሁለት ፈልጣችሁ ውስጡን ውጉ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ መሣሪያዋን የማወጣው ለሰው ለማሳየት ነው። ለራሴ በጆሮዬ ነው የምለካው፤ ያንን የተማርኩት ከእናቴ ነው።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ኩበትም ባሕር ዛፍም እናነዳለን። ባሕር ዛፍን ብዙ ሰው ያማል፤ መሬት ያደርቃል፣ ሌላ ተክል አያበቅልም ይባላል፤ ሐሜቱ መሠረት አለው። ግን አዲስ አበባ በምኒልክ ዘመን በማገዶ እጦት ልትለቀቅ፣ ቤተ መንግሥቱም ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደነበር፣ ያቆያትም ይኸው ባሕር ዛፍ መሆኑን ለሚያማው ሰው ሁልጊዜ አስታውሳለሁ። እናቴ ፍልጡን ዝናብ ሳይመጣ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ታስደረድራለች። አንድ ከማውረዷ በፊት ሁለቱን ታጋጫለች። የደረቀው ቃ ይላል፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደወል። እርጥቡ ዱብ ብሎ ይቀራል። «ይኼ ተናግሯል» ትልና ታወርዳለች፤ ያንኛውን «ገና አፉን አልፈታም» ብላ ትመልሰዋለች።

እንግዲህ እርጥብ እንጨት ቤታችን አልነደደም። ቤቱ ግን ጭስ በጭስ ነበር፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ነጠላዋ። ዓይኗ ዘወትር ያለቅሳል፤ ስናያት የኖርነው እንዲያ ስለሆነ በሽታ አይመስለንም ነበር። ስለ 600 ዲግሪው ያነበብኩ ቀን መጀመሪያ የታወሰኝ ምድጃም ገንዘብም አልነበረም። እሷ ማድረግ የምትችለውን ሁሉ አድርጋ ነበር፤ ሦስት ጉልቻ ሙቀቱን በየአቅጣጫው ስለሚለቀው ጭሱን የሚያነድ ሆድ የለውም። ያ ሁሉ ጭስ የራሷ ማገዶ ነበር፤ ከጫካ ተሸክማ አምጥታው ዓይኗ ውስጥ ገባ።

ከመሞቷ በፊት ባለው ዓመት በስልክ ቪዲዮ ምድጃዬን አሳየኋት። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከፍልጡ በላይ፣ ነበልባሉ አየር ላይ ተንሳፎ ይጫወታል፤ እየነደደ ያለው ጭሱ ነው። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየች።

«ጭሱስ?» አለች።

«እዚያው ይነዳል እማዬ።»

«ዓይን አያቃጥልም?»

«አያቃጥልም።»

ትንሽ አሰበችና፣ «አጋጭተኸው ነው የከተትከው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ወዳጄ ይህን ታሪክ ያውቃል፤ አሁንም ግን ማታ ማታ አንድ እርጥብ ይከታል። የቤቱ መስታወት ጥቁር ነው፤ ስሄድ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቀመጠው።

ልጁ ያን ቅዳሜ ሁለት ኮርድ ቀይ ኦክ ገዛ፤ ገንዘብ አስቀድሞ ከፍሎ ነበርና ተው ብለው አልሰማኝም። ቢያንስ አታንደደው አልኩት። እሱን ሰማኝ። ክረምቱን በፕሮፔንና እኔ በሰጠሁት አንድ ኮርድ አሽ አሳለፈ። በማርች ሄጄ ኦኩን አብረን ፈለጥን፤ ሽብልቅ አያያዝ አያውቅም ነበር፣ አሁን ያውቃል። ከአጥሩ ጋር አስይዘን ደረደርነው።

ባለፈው ሳምንት ደውሎ ጠራኝ፤ በጋው አልፏል፣ ብርዱ ጀምሯል፣ ላንድደው ወይ ብሎ። ስደርስ ከክምሩ መሃል ሁለት ፍልጥ መዞ፣ እኔ ሳልነግረው አጋጭቶ አዳመጠ። ፊቱ ተለወጠ። አንዱን ፈልጬ ውስጡን ወጋሁት፤ 26 አለ። ሁለቱንም መልሶ ክምሩ ላይ አስቀመጣቸው። የሚነደው በሚመጣው ዓመት ነው።