ስለ ቼዝ አጀማመር ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

ቼዝን ለጀማሪዎች በአማርኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ስለ ጨዋታው አጀማመር የሚሰጡት ምክር በአመዛኙ የታወቀና የተፈተነ ነው። መሐሉን አትልቀቅ፤ ፈረሶችህን ቀድመህ አውጣ፤ ንጉሥህን ሳይዘገይ አስጠልል፤ ንግሥትህን ያለ ጊዜዋ አታዝምት ይላሉ። በምክሩ ላይ ክርክር የለንም። ክርክራችን ምክሩን ተሸክመው ከሚቀርቡት ቃላት ጋር ነው። ቃሉ የተሳሳተ እንደ ሆነ ተማሪው ምክሩን እየታዘዘ ይሸነፋልና።

ከሁሉ የከፋው እንግሊዝኛው «ዲቨሎፕመንት» የሚለውን «ዕድገት»፥ ግሡንም «ማሳደግ» ብሎ መተርጐም ነው። በመዝገበ ቃላት ደረጃ ትርጉሙ ስሕተት አይባልም። በቼዝ ሰሌዳ ላይ ግን ሌላ ባለቤት አለው። አንድ ወታደር ተጉዞ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርስ ንግሥት፥ ግንብ፥ ጳጳስ ወይም ፈረስ ይሆናል፤ ይህን ዕድገት ማለት ተገቢ ነው፥ በእርግጥም ሹመት ነውና። እንግዲህ «በመጀመሪያ ኃይልህን አሳድግ» የተባለ ተማሪ ምን ያደርጋል? ወታደሮቹን እየነዳ ወደ ፊት ይሮጣል፤ ፈረሶቹና ጳጳሳቱ ግን ከተተከሉበት አይነቃነቁም። መምህሩ ያዘዘው የዚህን ተቃራኒ ነበር።

ለዚህ ሐሳብ የሚሆን ቃል ስንሻ ዐይናችን ወደ ጥንቱ ሰንጠረዥ መመለሱ አይቀርም። ስሙ ከዐረብኛው ሻትራንጅ ጋር አንድ ነው፤ የሩቅ ምንጩም «ባለ አራት ክፍል» ሠራዊትን የሚያመለክተው የሳንስክሪት ቃል ቻቱራንጋ ነው። (ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ቁጥር የሚደረደርበትን ባለ መስመር ገጽ ነው፤ ጨዋታው ተረስቶ ሰሌዳው በቋንቋው ውስጥ ቀረ።) ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሥርዓቱን ያጠኑት ይህ ጨዋታ ከሌላው ዓለም የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፥ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ፥ ኃይላቸውን እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሱ ነበር። ይህም ክፍል ወረራ ይባል ነበር።

ይህን ቃል አንሥተን ለዘመናዊው ቼዝ አጀማመር እንስጠው የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል። ለቅርስ ካለን ፍቅር የተነሣ ሐሳቡ ቢያጓጓንም አንደግፈውም። በዘመናዊው ቼዝ ተራ የሚጠበቀው ከመጀመሪያው እርምጃ አንሥቶ ነው፤ ደግሞም ወረራ ለዛሬው አንባቢ ድንበር ጥሶ መግባት ስለ ሆነ ጀማሪውን ወደ ችኮላ ጥቃት ይገፋዋል። ከወረራ ልንወስድ የሚገባን ስሙን ሳይሆን ግብሩን ነው፤ ጦርነቱ ሳይከፈት ጦሩን በየቦታው ማቆምን። ለዚህ ደግሞ «ማሰለፍ» የሚል ቃል አለን። ሰልፍ በግእዝ ውጊያም ነው፥ ለውጊያ መደርደርም ነው፤ አሰላለፍንም የእግር ኳስ ተመልካች ሁሉ ያውቀዋል። «ፈረሶችህንና ጳጳሳትህን አሰልፍ» ቢባል ወታደሩን የሚያስሮጥ ተማሪ የሚኖር አይመስለንም።

«መሐሉን ያዝ» የሚለውም እርማት ያሻዋል። መሐል የሚባሉት የሰሌዳው እምብርት የሆኑት አራት ቤቶች ናቸው። በንጉሡ በኩል ያለው ፈረስ በመጀመሪያ እርምጃው ወደ ውስጥ ሲወጣ ስምንት ቤቶችን ያያል፤ ከነዚህም ሁለቱ የመሐል ቤቶች ናቸው። ወደ ዳር ቢወጣ ግን አራት ብቻ ያያል፤ ከመሐሉም አንዱን እንኳ አያገኝም። ልብ ይባል፤ ወደ ውስጥ የወጣው ፈረስ መሐሉን ተቈጣጠረ እንጂ አልያዘም። ሬቲና ኒምዞቪች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያስፋፉት ትምህርት የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ቤቱ ላይ ሳይቀመጡ ከሩቅ መግዛት ይቻላልና። «መያዝ» እና «መቈጣጠር» ስለዚህ እንደ ተመሳሳይ ቃላት መወሰድ የለባቸውም።

«ጊዜ ማጣት» ሌላው አሳሳች አነጋገር ነው፤ በውድድር ላይ ሰዓት ቆጣሪ አለና ተማሪው የቸኮለ ሁሉ የተጠቀመ ይመስለዋል። ንግሥት ገና በሁለተኛው እርምጃ ወጥታ መሐል ላይ ስትቆም ባላጋራ ፈረሱን አሰልፎ ያስፈራራታል፤ እርሷ ስትሸሽ የጠፋው ደቂቃ ሳይሆን ተራ ነው። «ተራ ማባከን» ይበቃል። ንግሥትን በጥንቱ ስም ፈርዝ እንበላት የሚለውንም አንቀበልም፤ ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ የሚሄድ አማካሪ ነበርና። ካስሊንግን በተመለከተ ከላይ በምክሩ መካከል ያስገባነው «ንጉሥን ማስጠለል» ዓላማውን ስለሚገልጽ ይሻላል እንላለን።

የመጨረሻው ነገር የቤቶቹ ስያሜ ነው፤ ጉዳቱ ከሁሉ ፈጥኖ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ስምንቱን ዓምዶች በፊደላችን ተራ ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ፥ ሠ፥ ረ፥ ሰ፥ ሸ ብሎ መጥራት ቀላል ይመስላል። በጽሑፍ ይሠራል። መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጠራ ግን ሀና ሐ፥ ሠና ሰ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። ለነጩ ሠ4 ከታወቁት የመጀመሪያ እርምጃዎች ዋነኛው ሲሆን፥ ሰ4 ግን የገዛ ንጉሥን በር የሚከፍት ነው፤ ረ3 ከተጫወተ በኋላ ቢጨመርበት ጥቁሩ በሁለተኛው እርምጃ በንግሥቱ ያሸንፋል። ተማሪው የሰማው አንድ ድምፅ ነው፤ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ለዕድል ተትቷል። ስለዚህ ድምፃቸው የተደገሙትን ትተን ሀ፥ ለ፥ መ፥ ረ፥ ሰ፥ ሸ፥ ቀ፥ በ እንድንል እናሳስባለን። ወደ ዓለም አቀፍ ውድድር የሚሄድ የላቲኑን ፊደል መማሩ አይቀርም፤ ያም ቢሆን በክፍል ውስጥ በቃል ለሚማረው ጀማሪ ይህ ተራ ይጠቅመዋል።