ስውር ዐይንና ግልጽ መልስ፤ በትርኢት አዳራሽ ስለሚደበቁ እንቅስቃሴ ጠቋሚ መሣሪያዎች

በትርኢት አዳራሽ የቆመ ዕቃ ሰው ሲቀርበው መብራቱ ቢበራ፥ ድምፅ ቢያሰማ ወይም ቢንቀሳቀስ፥ የሰውን መምጣት የሚነግረው አንድ መሣሪያ በአጠገቡ አለ ማለት ነው። ይህ እንቅስቃሴ ጠቋሚ መሣሪያ፥ በተለምዶ «ሴንሰር» የሚባለው፥ ብዙ ጊዜ ከተመልካች ተሰውሮ ይተከላል። ምርጫውና አተካከሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚህ አሳብ አንስማማም። ጠቋሚውን መምረጥ ማለት ትርኢቱ ማንን እንደ ተመልካች እንደሚቈጥር መወሰን ነውና፥ አዘጋጁ ራሱ ሊያስብበት ይገባል። ይህን ለማስረዳት ሁለት የታወቁ ሥራዎችን እናነጻጽራለን።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የታየው «ግሎውፍሎው» ነው። ማይረን ክሩገርና ባልደረቦቹ አንድ ክፍል አጨልመው በግድግዳው ላይ ብርሃን የሚሰጡ ቱቦዎችን ዘረጉ፤ በወለሉም የሰው ክብደት ሲያርፍባቸው የሚጠቁሙ መሣሪያዎችን ደበቁ። ሰው በረገጣቸው ጊዜ ኮምፒዩተሩ ብርሃኑንና ድምፁን ይለዋውጥ ነበር። ነገር ግን የክፍሉ እርጋታ እንዳይታወክ ታስቦ፥ በእርምጃውና በመልሱ መካከል ጊዜ እንዲያልፍ ሆን ተብሎ ተደረገ። ስለዚህ፥ ክሩገር ራሱ በኋላ እንደ ገለጸው፥ ክፍሉ መልስ እንደሚሰጥ የተረዱት ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ። እንግዲህ ጕድለቱ ከመሣሪያው አልነበረም፤ ጠቋሚው ጠቁሟል፥ ኮምፒዩተሩም ታዟል። የጠፋው በሰውና በክፍሉ መካከል መኖር የነበረበት መግባባት ነው። ክሩገር ግን ከዚህ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1971 በሠራው «ሳይኪክ ስፔስ» የሰው እርምጃ ወዲያው በድምፅ እንዲመለስ አደረገ።

ሁለተኛው የኤድዋርድ ኢህናቶቪች «ሴንስተር» ነው። ይህ ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝም የብረት ፍጡር እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1974 በሆላንድ አገር፥ በአይንድሆቨን ከተማ፥ የፊሊፕስ ኩባንያ ባሠራው «ኤቮልዮን» አዳራሽ ቆሞ ነበር። ማይክሮፎኖቹና ራዳሮቹ በራሱ ላይ ስለ ተተከሉ ራሱን ወዴት እንዳዞረ ማንም ያያል። ለስለስ ያለ ድምፅና እንቅስቃሴ ሲያገኝ ይቀርባል፤ ጩኸትና ድንገተኛ እንቅስቃሴ ሲያገኝ ይሸሻል። ምክንያቱና ውጤቱ ተከታትለው ስለሚታዩ፥ ሕፃንም ቢሆን ከዚህ ፍጡር ጋር እንዴት መኖር እንደሚገባው ያለ አስተማሪ ይማራል። በእኛ አስተያየት ሴንስተር ከግሎውፍሎው የሚበልጠው በዚህ ነው።

ይሁን እንጂ በሴንስተርም ላይ የምንነቅፈው ነገር አለን። ራዳሩ የሚያውቀው የሚንቀሳቀሰውን፥ ማይክሮፎኑም የሚያውቀው ድምፅ የሚያሰማውን ነው። ጸጥ ብሎ ቆሞ የሚመለከተውን ሰው በምን ያውቀዋል? ይህ ጥያቄ ዛሬ በየሙዚየሙ ይበልጥ ይከብዳል፤ በርካሽ የሚገኘው የኢንፍራሬድ ጠቋሚም የሚያየው የሰውነት ሙቀት ከቦታ ወደ ቦታ ሲለዋወጥ ነውና። ጽሑፉን ሊያነብ የቆመው ጎብኚ ለመሣሪያው እንደ ሌለ ይቈጠራል፤ መብራቱም በንባቡ መካከል ይጠፋበታል። ሳያይ የሚያልፈው ሲበራለት ተግቶ የሚያየው ሲጨልምበት፥ ትርኢቱ ዓላማውን ስቷል።

ስለዚህ አተካከሉ ከጠባዩ ጋር ሊስማማ ይገባል። የኢንፍራሬድ ጠቋሚ ፊት ለፊት ከሚመጣው ይልቅ በጎን የሚያልፈውን አጥርቶ ያያል፤ ስለዚህ በመተላለፊያው ጎን ቢተከል ይሻላል። ተራ መስተዋት የሰውነትን ሙቀት ስለሚከለክል ከመስተዋት ኋላ የተደበቀው ዕውር ይሆናል፤ ስስ የፖሊቲን ሽፋን ግን ያሳልፋል። አዳራሹ እንደ ሰው ገላ ሲሞቅም ኀይሉ ይደክማል። ራዳር በደረቅ እንጨትና በጂፕሰም ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ ለመደበቅ ይመቻል። ነገር ግን ስስ ግድግዳ አልፎ በኮሪደር የሚሄደውንም ስለሚቈጥር ኀይሉ ተለክቶ መቀነስ አለበት። ከምንጣፍ ሥር የሚነጠፈው ክብደት ጠቋሚ የቆመውን ሰው አይረሳም፤ ዳሩ ግን በብዙ እግር ያልቃልና፥ ወለሉ ሳይፈርስ የሚወጣበት መንገድ አስቀድሞ ይበጅለት።

ጽሑፍ ለሚነበብበት ቦታ እኛ የምንመርጠው ሁለቱን ማጣመር ነው፤ ኢንፍራሬዱ የሚመጣውን ይጥራ፥ ምንጣፉም የቆመውን ይጠብቅ። ከመከፈቱ በፊትም መሣሪያው በሕፃን ቁመት፥ በተሽከርካሪ ወንበር በሚሄድ ሰው፥ ዝም ብሎ በሚቆምም ሰው ይፈተን። ካሜራ የተተከለ እንደ ሆነ ግን በደጃፉ በግልጽ ይጻፍ፤ የሰውን መልክ የሚያነሣ መሣሪያ ሰውየው ሳያውቅ ሊሠራ አይገባውምና።

መሣሪያውን መሰወር ነውር አይደለም፤ ሽቦና ሣጥን የትርኢቱን ውበት እንዳያውኩ መደበቅ ተገቢ ነው። የምንቃወመው መልሱም አብሮ ሲደበቅ ነው። አንድን ትርኢት ለመመዘን የሚሻ ሰው ከፊቱ ሄዶ ጥቂት ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ይቁም፤ ያን ጊዜ መብራቱ ካልጠፋበት አዘጋጁ ስለ ተመልካቹ አስቧል ማለት ነው።