ቤተ መንግሥቱ ሲታደስ የሰፈሩ ቤት ለምን ይፈርሳል?

ከኩን ራፒድስ፣ ሚኒሶታ

ስለ አዲስ አበባ የፈረሱ ሰፈሮች ወሬ በተነሣ ቁጥር እኛ በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወዲያውኑ በሁለት ጎራ እንከፈላለን። አንደኛው ወገን «ልማት ነው፣ ከተማዋ መዘመን አለባት» ይላል። ሌላው ወገን «ቅርሳችን ወደመ፣ ታሪካችን ተፋቀ» ብሎ ያለቅሳል። እንደሚመስለኝ ግን ሁለቱ ጎራዎች ሳያውቁት በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ይኸውም አሮጌ ቤት ቅርስ ከሆነ ይጠበቅ፣ ካልሆነ ይፍረስ የሚለው ነው። የሚጨቃጨቁት የትኛው ቅርስ ነው፣ የትኛው አይደለም በሚለው ላይ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የጋራ እምነት ራሱ ስሕተት መሆኑን ማሳየት ነው። ማስረጃዬን ከሩቅ አላመጣም፤ እዚሁ ሚኒሶታ ከሚገኝ አንድ የአርክቴክቶች ድርጅት ሥራ እነሣለሁ። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቃጠሎ የተረፈ ግድግዳ

ኩን ራፒድስን ታክኮ የሚያልፈው የሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ታች ወርዶ ሚኒያፖሊስ መሐል ሲደርስ የቅዱስ አንቶኒ ፏፏቴን ይሠራል። ሚኒያፖሊስን ከተማ ያደረጓት በዚህ ውኃ ጉልበት ይዞሩ የነበሩት የዱቄት ወፍጮዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ስመ ጥሩ ዋሽበርን ኤ የተባለው ነው። በ1874 ተሠራ፤ በ1878 የዱቄቱ ብናኝ እሳት ፈጥሮ ፈነዳና 18 ሰው ፈጀ፤ በ1880 እንደገና ሥራ ጀመረ። በደህናው ዘመኑ በቀን ለ12 ሚሊዮን ዳቦ የሚበቃ ዱቄት ይፈጭ እንደነበር ይነገርለታል። በ1965 ተዘጋ። በ1991 ደግሞ ባዶውን ቆሞ ሳለ ተቃጠለ። የተረፈው በአብዛኛው ጣሪያ የሌለው፣ መስኮቱ የወላለቀ የድንጋይ ግድግዳ ነበር።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ፍርስራሽ አዲስ አበባ መሐል ቢገኝ ምን ይደረግ ነበር? መልሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ። እዚህ ግን የሚኒሶታ የታሪክ ማኅበር ሙዚየም ሊያደርገው ወሰነ፤ ሥራውም ማየር፣ ሸረር እና ሮክካስል ለተባለው፣ ዛሬ በአጭሩ ኤም.ኤስ.አር. ዲዛይን ለሚሰኘው ድርጅት ተሰጠ። ድርጅቱን በ1981 የመሠረቱት ቶማስ ማየር፣ ጄፍሪ ሸረር እና ጋርዝ ሮክካስል ናቸው። ሸረር በተለይ በቤተ መጻሕፍት ሕንፃዎች ስማቸው የታወቀ ሲሆን፣ ሮክካስል በመምህርነትም ሠርተው ኋላ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ዲን ሆነዋል።

በቶማስ ማየር መሪነት የተነደፈው ሚል ሲቲ ሙዚየም በ2003 ተከፈተ። በዚህ ሥራ ውስጥ ሊደነቅ የሚገባው ያልተሠራው ነገር ነው። የፈረሰውን ግድግዳ እንደ አዲስ አልገነቡትም፤ ባለበት ደግፈው አቆሙት። ጣሪያው የወደቀበትን ክፍል ክፍት ግቢ አድርገው ተዉት፤ ከግቢው ጎን ደግሞ አዲሱን የመስታወት ግድግዳ አቆሙ። አሮጌው አሮጌ፣ አዲሱ አዲስ መሆኑ ከሩቅ ይለያል። ማንም ሰው አደጋው ያልደረሰ እንዲመስል አልሞከረም። ድርጅቱ ራሱ ለብዙ ዓመታት ቢሮው በዚሁ ሕንፃ ላይ ነበር፤ የነደፈውን ቤት ራሱ ኖረበት ማለት ነው። ይህ በሙያው ዓለም ዘወትር የሚገኝ ነገር አይደለም።

ቅርስ ያልሆነው ዎልማርት

እስከዚህ ድረስ «ወፍጮው ታሪካዊ ስለሆነ ነው» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እውነት ነው፤ ወፍጮው በአሜሪካ መንግሥት የተመዘገበ ታሪካዊ ሥፍራ ነው። ይሁን እንጂ የዚህን ድርጅት እምነት በትክክል የሚያሳየው ሌላ ሥራ ነው።

በቴክሳስ፣ ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ በምትገኘው ማካለን ከተማ አንድ የዎልማርት መደብር ባዶውን ቀረ። የዎልማርት ሕንፃ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ መስኮት የሌለው ትልቅ ሣጥን ነው። ቅርስ ነው ብሎ የሚሟገትለት ሰው አይገኝም። ከተማይቱ ግን ያንን ሣጥን ዋና ቤተ መጻሕፍት እንዲያደርግላት ለኤም.ኤስ.አር. ሰጠችው። ከ11,000 ካሬ ሜትር በላይ የሆነው ወለል ጸዳ፤ ግድግዳውና ኮርኒሱ ነጭ ተቀባ፤ ሰፊው አዳራሽ በቀለምና በቅርጽ ለሕፃናት፣ ለወጣቶች፣ ለስብሰባ ተከፋፈለ። በ2011 መጨረሻ ሲከፈት የአንድ ፎቅ ቤተ መጻሕፍት በመሆን በአገሪቱ ከትልልቆቹ አንዱ ሆነ።

በፊላደልፊያም በ1996 የተዘጋውን የባሕር ኃይል የመርከብ መሥሪያ ይኸው ድርጅት አንድ የልብስ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት አድርጎታል። እዚያ የተሠማራችው የግቢ ንድፍ ባለሙያ ጁሊ ባርግማን ደግሞ ተፈንቅሎ ሊጣል የነበረውን ኮንክሪት ሰባብራ እዚያው መሬት ላይ መልሳ አነጠፈችው። የሚጣለው ነገር ወደ ቆሻሻ መጣያ አልተጓዘም፤ በምትኩም አዲስ ድንጋይ ከሩቅ አልመጣም።

እነዚህን ሦስት ሥራዎች የሚያያይዛቸው ውበት ወይም ታሪክ ብቻ አይደለም። ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ሕንፃ ሲቆም ሲሚንቶው ተቃጥሏል፣ ፌሮው ቀልጧል፣ አሸዋው ተጓጉዟል፣ የሠራተኛው ላብ ፈሷል። ይህ ሁሉ ወጪ ግድግዳው ውስጥ ተቀምጧል። ስናፈርሰው ያንን ሁሉ እንጥላለን፤ ከዚያም እንደገና ከዜሮ እንከፍላለን። ዓለማችን ከምታወጣው የካርቦን ጋዝ ውስጥ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት የሚመጣ ነው። እንግዲህ «ዘላቂ ንድፍ» የሚባለው ነገር ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ከመስቀል በፊት የሚጀምረው «ይህ ቤት የግድ መፍረስ አለበት ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ሲሚንቶ በየጊዜው እየጠፋ ሕዝብ በሚንገላታባት አገር ይህ ጥያቄ የሀብታሞች ቅንጦት ሊሆን አይችልም።

ጠጋኝ ያጣ ቤት

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2024 መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ የተሰጠው ዋናው ምክንያት ቤቶቹ አርጅተዋል፣ ለመኖሪያ አይመቹም የሚል ነበር። ቤቶቹ ተጎሳቁለው እንደነበር የሚክድ የለም። ሽንት ቤት ለአሥር አባወራ የሚጋሩበትን ኑሮ «ቅርስ» ብሎ ከሚኒሶታ የሞቀ ቤት ውስጥ ማወደስም ነውር ነው።

ነገር ግን ለምን ተጎሳቆሉ? በ1975 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ተከራዩ ተጠቀመ፤ ይህ አይካድም። ቤቱን ግን የሚጠግን ጠፋ። ባለቤት የለውም፤ የሚሰበሰበው ኪራይ ለጥገና አይበቃም፤ ተከራዩም የእሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ዋስትና የለውም። የጭቃ ቤት ደግሞ በየጊዜው ምርጉ ሲታደስ፣ ቆርቆሮው ሲቀየር፣ ከሥሩ ውኃ እንዳይገባ ሲደረግ ዕድሜ ያለው ቤት ነው። አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ስለዚህ እነዚያ ቤቶች በዕድሜ ብቻ አልሞቱም፤ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ጠጋኝ አጥተው ነው የሞቱት። ባለመጠገን የተበላሸውን ነገር «ስለተበላሸ ይፍረስ» ማለት ለበሽተኛ መድኃኒት ነፍጎ ስለ ድክመቱ መክሰስ ነው።

መንግሥት ማደስ አያውቅም ለማለት አይቻልም። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ታድሶ በ2019 አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። ሥራው መልካም ነው፤ መመስገንም አለበት። ከዚያም በፊት በ1961 ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የንጉሡን መኝታ ክፍል ሳይቀር ጠብቆ ይዞታል። ከሕንፃው ፊት ለፊት ፋሺስቶች ለሥልጣን ዘመናቸው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ የሠሩት ደረጃ አለ። አልፈረሰም፤ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከሚኒያፖሊሱ ወፍጮ ብዙ ዓመታት ቀድሞ፣ ጠላት የተወውን ድንጋይ ሳያፈርሱ ትርጉሙን መለወጥ እንደሚቻል እኛው አሳይተናል። ችግራችን ጥበቡን አለማወቅ አይደለም። ጥበቡን ለቤተ መንግሥት ብቻ መፍቀዳችን ነው።

የሚጎድለው ነገር

የኤም.ኤስ.አር.ን ሥራ ሳደንቅ ግን ጉድለቱን መደበቅ አልፈልግም። ወፍጮው ሙዚየም ከሆነ በኋላ አካባቢው በውድ አፓርታማዎች ተሞላ። ግድግዳው ዳነ፤ ጆንያ የተሸከመው የወዛደር ልጅ ግን ዛሬ እዚያ ቤት ለመከራየት አቅም የለውም። አርክቴክቱ ለዚህ ብቻውን ተጠያቂ ባይሆንም፣ ድንጋዩን ጠብቆ ሰውን የሚበትን ዘላቂነት ግማሽ ዘላቂነት ነው።

ለሌላው ግማሽ ምሳሌው ከዚያ ብዙም አይርቅም። በ1973 በራልፍ ራፕሰን ንድፍ የተሠራው፣ ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ሪቨርሳይድ ፕላዛ ነው። ከ1,300 በላይ መኖሪያዎች ያሉት ይህ ሕንፃ የተወደደ አልነበረም፤ ብዙ ሰው እንደ አስቀያሚ ኮንክሪት ያየው ነበር። ሆኖም በ2010 በብሔራዊ ታሪካዊ መዝገብ ገባ፤ ለእድሳቱም ከ130 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ በ2012 ተጠናቀቀ። ቧንቧው፣ መስኮቱ፣ ማሞቂያው ተቀየረ፤ ነዋሪው ግን አልተበተነም። ፒያሳ ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ቤቱም ሄደ፣ ሰውም ሄደ። ከቤቱ ጋር ዕድሩም፣ ዕቁቡም፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚጠራራበት ቡናም ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው።

ይህ ነገር እኛን አይመለከትም የሚል ካለ ተሳስቷል። ሰፈር በፈረሰበት መሬት ላይ የሚነሡት ፎቆች ገዥ ይፈልጋሉ፤ ዶላር የያዘው ዳያስፖራ ደግሞ ተመራጩ ገዥ ነው። በየከተማው በሚደረገው የሪል እስቴት ሽያጭ ላይ ስለ ካሬ ሜትሩ፣ ስለ ሊፍቱ፣ ስለ መኪና ማቆሚያው እንጠይቃለን። ሁለት ጥያቄዎችም እንጨምር፦ እዚህ ቦታ ላይ ቀድሞ ምን ቆሞ ነበር? እዚያ ይኖር የነበረውስ ሰው ዛሬ የት ነው? ሻጩ መልስ ከሌለው ገንዘባችንን ኪሳችን እናቆየው። የአገር ቤት ወላጆቻችንን ቤት ለማደስ ስንነሣም «አፍርሰን ጂ ፕላስ ምናምን እንሥራ» ከማለታችን በፊት የድሮውን ግድግዳ የሚመረምር ባለሙያ እንጥራ። ይህን ለማድረግ የመንግሥት ለውጥ መጠበቅ አያስፈልግም። ከቤታችን እንጀምር።

ቸር ይግጠመን።