ልክ ማስያዝና ማጽናት፦ በአንድ የመኖሪያ መኪና መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች እንዲገለገሉበት ታስቦ ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ አንድ አነስተኛ መመሪያ በረቂቅነቱ ለአስተያየት ደርሶናል። የሚናገረውም የመኖሪያ መኪና ለማደሪያ በሚቆምበት ጊዜ ልኩን ጠብቆ፣ ሳይወዛወዝ እንዲቆም ስለሚደረግበት ዘዴ ነው። ተርጓሚው የደከሙበት ሥራ መሆኑ ከገጽ ገጽ ይታያል፤ ዐረፍተ ነገሩ ንጹሕ ነው፤ የባዕድ ቃል መዓትም አላፈሰሱበትም። ሒሳችን የሚያተኩረው በስያሜዎቹ ላይ ብቻ ነው። ከእነርሱም አንዱ፣ «ማንሻ» የተባለው፣ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ መመሪያውን አምኖ ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ሕይወት የተያያዘበት ነው።

ነገሩን ላልለመደው አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። የመኖሪያ መኪና አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ በአንድነት የተሠሩበት፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ ነው። ባለቤቱ ሲመሽ ለማደሪያ በተከለለ ቦታ ያቆመዋል፤ መሬቱ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይጠብቁታል። አንደኛው የዘመመውን የመኪናውን ወለል ወደ አግድም መመለስ ነው። ሁለተኛው፣ በባሌስትራና በአየር በተሞላ ጎማ ላይ የተቀመጠው አካል ሰው በውስጡ በተራመደ ቁጥር እንዳይወዛወዝ ከሥሩ መደገፍ ነው። የመጀመሪያው ሥራ የመኪናውን ክብደት ማንቀሳቀስን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው አይጠይቅም። የምንሰነዝረው አስተያየት በአብዛኛው በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ከተሽከርካሪው ስም እንነሣ። ረቂቁ «የቤት መኪና» ይለዋል። ይህ ግን በአገራችን ቀድሞ የተያዘ ስም ነው፤ ከታክሲና ከጭነት መኪና ተለይቶ ለግል አገልግሎት የሚውለው አነስተኛ መኪና የሚጠራው በዚሁ ነው። ገልብጦ «የመኪና ቤት» ማለት ደግሞ መኪና የሚያድርበትን ቤት ያስታውሳል። «ተንቀሳቃሽ ቤት» የሚለውም፣ በፋብሪካ ተሠርቶ በጭነት ከተወሰደ በኋላ በአንድ ቦታ ለሚተከለውና በአሜሪካ እጅግ ለተለመደው ሌላ ዓይነት ቤት የሚስማማ ነው። እኛ «የመኖሪያ መኪና» ያልነው በ«የጭነት መኪና» አርአያ ነው።

«ማስተካከል» ይበልጥ ያከራክራል። ቃሉ ሰፊ ነው፤ ሰዓት ይስተካከላል፣ ደመወዝ ይስተካከላል፣ ጠጉር ይስተካከላል፣ የተሳሳተ ሒሳብም ይስተካከላል። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚያስቆም ልጅ «አስተካክለው!» ቢል፣ ሾፌሩ መሪውን ይዞ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይላል እንጂ ስለ ወለሉ አግድም መሆን ጨርሶ አያስብም። እንግዲህ «መኪናውን ያስተካክሉ» ተብሎ የተጻፈው የመመሪያው ዋና ትእዛዝ አንባቢውን ወደ ሌላ ሥራ ይመራዋል ማለት ነው። «ማደላደል» ይሻል ይሆን? ውብ ቃል ነው፤ ነገር ግን የተደላደለ ነገር ልኩን የያዘም የማይነቃነቅም ስለሆነ፣ ለመለየት የተነሣንባቸውን ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች መልሶ ያዋህዳቸዋል። ለገጣሚ ጸጋ የሆነው ለሙያ ቃል ጉድለት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ግንበኛው መልሱን ካዘጋጀው ቆይቷል። በመስታወት ውስጥ በምትንሳፈፍ አንዲት የአየር አረፋ አግድምነትን የሚለካበትን መሣሪያ «ውኃ ልክ» ይለዋል፤ ስሙ ከሥራው የወጣ፣ የማንም ባለሥልጣን ማጽደቂያ ያላስፈለገው ስም ነው። የመኖሪያ መኪና ባለቤትም የሚጠቀመው ይህንኑ መሣሪያ ነው፤ በወለሉ ላይ አንድ ጊዜ በቁመት አንድ ጊዜ በአግድም ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሥራ «ውኃ ልክ ማስያዝ»፣ ሲያጥር «ልክ ማስያዝ» ብንለው የአዲስ ቃል ፈጠራ አያስፈልገንም።

ልክ ማስያዙ ለእንቅልፍ ምቾት ብቻ እንዳይመስል፣ ረቂቁ በአንድ መሥመር ያለፈውን የማቀዝቀዣውን ነገር እናንሣ። በብዙ የመኖሪያ መኪናዎች ውስጥ የሚገኘው በጋዝ ሙቀት የሚሠራው ማቀዝቀዣ ነው፤ የፈለሰፉትም በ1922 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስዊድናውያኑ ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ ናቸው። ይህ መሣሪያ ፈሳሹን የሚገፋ መጭመቂያ የለውም። በሙቀት ተንኖ የወጣው አሞኒያ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሲሆን የሚመለሰው በራሱ ክብደት ቁልቁል በመውረድ ነው። መኪናው አዘንብሎ ብዙ ሰዓት ከቆመ ፈሳሹ በማይገባው ስፍራ ይጠራቀማል፤ ማፍያው ይደርቅና ከመጠን በላይ ይግላል፤ ዝገት እንዲከላከል የተጨመረውም ንጥረ ነገር ረግቶ ቧንቧውን ይዘጋል። ጉዳቱ አይመለስም። በአንዳንድ የአምራች መመሪያዎች የተፈቀደው ዝንባሌ በአንድ አቅጣጫ 3 ዲግሪ፣ በሌላው 6 ዲግሪ ብቻ ነው። መጭመቂያ ያላቸው አዳዲሶቹ ማቀዝቀዣዎች እንዲህ ያለ ጭንቀት የለባቸውም።

ለሁለተኛው ሥራ ረቂቁ «ማረጋጋት» የሚለውን መርጧል። በአማርኛ የሚረጋጋው የተሸበረ ሕዝብ ወይም የተናወጠ ገበያ ነው፤ የኤሌክትሪክን መዋዠቅ ለሚቆጣጠረው መሣሪያም «ማረጋጊያ» የሚለው ስም ተሰጥቷል። መኪና ይረጋጋል ሲባል ግን ሰው ያባበለው ይመስላል። «ማጽናት» ይቀርበናል። ፍርድ ቤትና ቤተ ክህነት የሚያዘወትሩት ቃል በመሆኑ ለጋራዥ ይከብዳል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ቢሆንም ድንኳንም በካስማ ይጸናል፤ ቃሉ ከመሬት አልራቀም።

አሁን ወደ «ማንሻ» እንምጣ። እንግሊዝኛው ለሦስት የተለያዩ መሣሪያዎች በአንድ ስም ይጠቀማልና በቅጥያ ይለያያቸዋል፤ አንዱ ጎማ ለመለወጥ የሚያነሣው ነው፤ አንዱ ልክ የሚያስይዘው ነው፤ አንዱ የሚያጸናው ነው። ተርጓሚው ቅጥያውን ትተው ሦስቱንም «ማንሻ» አሏቸው። በአማርኛ የመሣሪያ ስም ከግሥ ሲረባ ዝም ብሎ ስም አይሆንም፤ ትእዛዝ አዝሎ ይመጣል። መጥረጊያ ጥረግብኝ ይላል፤ ማንሻ አንሣብኝ ይላል። የሚያጸናው መሣሪያ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ መቀስ የሚታጠፉ ቀጫጭን የብረት ክንዶች ያሉት፣ መሬት ነክቶ ጥቂት ከጠበቀ በኋላ መቆም የሚገባው ነው። የመኪናው ክብደት በጎማዎቹ ላይ እንዳለ ይቀራል። ስሙን አምኖ በእርሱ መኪናውን ሊያነሣ የሞከረ ሰው ክንዶቹ ሲጎብጡና መኪናው ሲወርድ ያያል፤ ያውም ከሥሩ ካልሆነ።

ልክ የሚያስይዘውም ቢሆን ገደብ አለው። በብዙ የመኖሪያ መኪናዎች የማቆሚያው ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። የኋላ ጎማዎች ከመሬት ከለቀቁ ፍሬኑ የሚይዘው አየር ነው፤ መኪናውም በእግሮቹ ላይ ተንሸራቶ ሊሄድ ይችላል። ይህን ለመከላከል የተጻፈው ማስጠንቀቂያ በረቂቁ ውስጥ እንዲህ ሆኖ ይገኛል፦ «በማንሻው መኪናውን አያንሡ»። በማንሻ አታንሣ የተባለ ሰው ምን ያድርግ? ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም፤ ግን ስያሜው ማስጠንቀቂያውን አፍርሶታል። የማረሚያ ሥራው ከዚህ ገጽ ቢጀምር እንመክራለን።

ሐሳባችን ይህ ነው። ለጎማ መለወጫው ከጎማና ከባሌስትራ ጋር ወደ ጋራዣችን የገባውን «ክሪክ» እንዳለ እንተወው፤ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ ክሪክ ያነሣል። በመኪናው አካል ላይ የተገጠሙትን ሁለቱን ግን «እግር» እንበላቸው፤ «ልክ ማስያዣ እግር» እና «ማጽኛ እግር»። በትልልቆቹ መኪናዎች በዘይት ግፊት የሚሠራ አንድ እግር ሁለቱንም ተግባር ስለሚፈጽም የመጀመሪያው ስም ብቻ ይበቃዋል። እግር መባሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ግሡን ይዞ ይመጣል። ረቂቁ «ማንሻውን ያንሡ» ሲል መሣሪያው ይውጣ ወይስ መኪናው ከፍ ይበል አይታወቅም፤ መሣሪያው ወደ ታች ሲወርድ መኪናው ወደ ላይ ስለሚወጣ ግራ መጋባቱ እጥፍ ነው። እግር ግን ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል። ለዚህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አማርኛ ተናጋሪ የለም።

«እግሮቹን በየተራ» የሚለውም ሊታረም ይገባል። የብዙዎቹ መመሪያ በጥንድ በጥንድ እንዲዘረጉ ያዛል፤ አንድ ማዕዘን ብቻውን ከተገፋ የመኪናው አካል ይጣመማል፤ በሩ አልገጥም ይላል፤ የፊት መስታወቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ምክንያቱን ባለ ምድጃዋ ታውቀዋለች፦ ሦስት ጉልቻ በማናቸውም መሬት ላይ ድስቱን ይቀበላል፤ አራተኛ ቢጨመር አንዱ ወይ ይንጠለጠላል ወይ ይገፋል። አንዳንድ አምራቾች ባለ ሦስት ነጥብ አሠራርን የመረጡት ስለዚሁ ነው።

ከረቂቁ ሊመሰገን የሚገባው «ታኮ» ነው። ከጎማ ፊትና ኋላ የሚደረገውን መከልከያ ተርጓሚው በረጅም ሐረግ ከመተርጐም ይልቅ የሾፌሮችን ቃል ወስደዋል፤ እግሮቹ ከመዘርጋታቸው በፊት መደረጉንም በሚገባ ጽፈዋል። በአንጻሩ እግሩ ለስላሳ አፈር ውስጥ እንዳይሰምጥ ከበታቹ የሚነጠፈውን ሰፊ ጣውላ «ትራስ» ማለታቸው አስገርሞናል፤ ትራስ የሚደረገው ለራስ ነው። «መርገጫ» ይበቃል። እግር ካልን ዘንድ «ጫማ» ይሁን የሚልም አለ፤ እርሱን ለአዘጋጆቹ እንተዋለን።