ክር የሌላት ካሴት

ለአሮጌ መኪና ቴፕ ከተሠሩት ነገሮች ሁሉ አንጀቴን የምታርሰው የካሴት አዳፕተር ናት። መልኳ የማንኛውም ካሴት ነው፤ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው መጠን ሳይለወጥ። ውስጧ ግን ክር የለም። ከጎኗ ቀጭን ሽቦ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ያለውን 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ አይፖድ ወይም ስልክ ላይ መሰካት ነው።

አሠራሯ ያስደንቃል። ክሩ ያልፍበት በነበረው ቦታ ትንሽ ሄድ ተቀምጧል፤ ከቴፑ ሄድ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ከስልኩ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት እዚያ ላይ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ቴፑም ክር የሚያነብ እየመሰለው ያንኑ ይቀበላል። ጥርሶቿም የሚዞሩት በከንቱ አይደለም፤ ባይዞሩ ብዙው ቴፕ ክሩ አለቀ ብሎ ይቆማል፣ ወይም ጎን ይቀይራል።

የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ኤፍኤም ትራንስሚተርም አለ። ካሴት ማስገቢያ ለሌለው ቴፕ ባለውለታ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ጣቢያ የበዛበት ከተማ ግን ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ መሃል ባዶ ቦታ መፈለግ ያሰለቻል፤ ሰፈር ሲቀየር ደግሞ ሌላ ጣቢያ ይገባበታል። አዳፕተሯ ከማንም ጋር አትሻማም። ዳሽቦርድ አይፈታም፣ ሽቦ አይቆረጥም፤ የድሮው ኮሮላ ቴፕ ከነመዞሪያው እንዳለ ሆኖ ጥላሁን ገሠሠን ከስልክ ያዘፍናል።

የጥርሶቹ መንኮሻኮሽ በሁለት ዘፈን መሃል ይሰማል፤ እሱንም እወደዋለሁ። ሲገዙ ግን ሄዷ ስትነካ ወደ ውስጥ ገባ ብላ የምትመለስ መሆኗን ይዩ፤ በደንብ ካልተጠጋች ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል።