«ስለላ» ወይስ ማድመጥ? በቤት ውስጥ የመረብ መሣሪያዎች ስያሜ ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃል በተሳሳተ ስያሜ ወደ አማርኛ ሲገባ ጉዳቱ በቋንቋው ላይ ብቻ ተወስኖ እንደማይቀር ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ጉዳቱ በተጨባጭ ምን እንደሚመስል በምሳሌ የሚያሳይ ጽሑፍ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ አጭር ሒስ በራውተርና በስዊች አጠቃቀም ላይ ለተራው ተጠቃሚ በአማርኛ የተዘጋጀን አንድ መመሪያ መነሻ በማድረግ አምስት ስያሜዎችን ይመረምራል። የአዘጋጁን ስም መጥቀስ አላስፈለገም፤ ስሕተቱ የብዙዎቻችን ነውና።

መመሪያው በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እጅ የገባው በ2016 ዓ.ም. ጀርመን አገር የምትኖር ታላቅ እኅቱን ሊጠይቅ በሄደበት ጊዜ ነው። በዚያ አገር የቴሌቪዥን ስርጭት በኢንተርኔት መሥመር በኩል ወደየቤቱ መግባቱ የተለመደ ነው። በእኅቱ ቤት ግን ቴሌቪዥኑ በተከፈተ ቁጥር ዋይፋዩ ይዝላል፤ የልጆቹ ስልክና ኮምፒዩተር ሁሉ ይቆማል። ምክንያቱ ሲፈተሽ በስዊቹ ላይ አንድ ተግባር ተዘግቶ ተገኘ። የዘጋችው እርሷ ራሷ ነበረች። «ስለላ የሚል ነገር በቤቴ ክፍት ሆኖ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» አለች። ቃሉ በእርሷ ትውልድ ጆሮ ምን እንደሚቀሰቅስ አንባቢ ስለሚያውቀው ማብራራት አያስፈልግም።

እንግዲህ መመሪያው «ስለላ» ያለው ተግባር በእርግጥ ምንድን ነው? አንድን የቴሌቪዥን ስርጭት ለብዙ ተቀባዮች በአንድ ጊዜ ለማድረስ ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ያሉት የቡድን አድራሻዎች ያገለግላሉ። ስርጭቱን የሚፈልግ መሣሪያ አይጂኤምፒ በተባለው ደንብ መሠረት ወደ ቡድኑ ለመግባት ጥያቄ ያቀርባል። ስዊቹ ይህን ጥያቄ በመንገድ ላይ ያደምጥና ስርጭቱን ለጠየቀው መሣሪያ ብቻ ይልካል። ካላደመጠ ግን ስርጭቱን በሁሉም መሰኪያዎች ይለቀዋል፤ ዋይፋዩም የቡድን ስርጭትን አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛ ፍጥነት ስለሚያስተላልፍ አየሩ ይጨናነቃል። የማንንም ምስጢር የሚመረምር ነገር የለበትም። የእንግሊዝኛው ቃል የቀልድ መልክ ያለው ነው፤ ተርጓሚው ቀልዱን እንደ ቁም ነገር ወሰደው። «የቡድን ጥያቄን ማድመጥ» ቢባል ሥራውን በትክክል ይገልጻል፤ ማንንም አያስፈራም።

ይህ ተግባር ተከፍቶ በቤቱ መረብ ውስጥ በየጊዜው «ማን ይፈልጋል?» ብሎ የሚጠይቅ መሣሪያ ከሌለም ሌላ ችግር ይከተላል። በደንቡ መነሻ ልክ ጥያቄው በየ125 ሰከንድ ይቀርባል፤ ለ260 ሰከንድ ያህል መልስ ያልተሰማበት መሰኪያ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ቴሌቪዥኑ ከ4 ደቂቃ በኋላ ቢደርቅ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። መመሪያው ይህን መሣሪያ «ጠያቂ» ማለቱ ትክክል ነው፤ ሊመሰገንም ይገባል።

ሁለተኛው ስያሜ ስዊችን «ማብሪያ ማጥፊያ» ማለቱ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ በግድግዳ ላይ የምናውቀው የመብራት ዕቃ ነው። የመረቡ ስዊች ግን የየመሣሪያውን ማክ አድራሻ ከመሰኪያው ጋር መዝግቦ መልእክቱን ለባለቤቱ የሚያደርስ ዕቃ ነው፤ ራውተር ደግሞ በአይፒ አድራሻ እየተመራ የቤቱን መረብ ከውጭው ጋር ያገናኛል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለሚገኙ ልዩነታቸውን ማስረዳት የመመሪያው ተግባር በሆነ ነበር።

ሦስተኛው «ወደብ» ነው። እንግሊዝኛ የመርከብ ማረፊያንና መግቢያ ቀዳዳን በአንድ ፊደል ይጽፋል፤ አማርኛ ግን ይህን መንታነት የሚወርስበት ምክንያት የለውም። ገመድ የሚሰካበት ቦታ «መሰኪያ» ነው፤ ሕዝቡም የሚያውቀው በዚሁ ነው።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጥ አሳሳች ነው። መመሪያው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን «ማከማቻ» በሚል አንድ ቃል ይጠራል። የመጀመሪያው ቴሌቪዥኑ ቀድሞ የሚያጠራቅመው ምስል ነው፤ ይህ በአዲስ አበባ ግቢዎች እንደምናየው ሮቶ ነው፤ መሥመሩ ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥም ቤቱ አይጠማም። ሁለተኛው በራውተሩ ውስጥ መልእክቶች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ነው። የፊተኛው በመጠኑ ቢተልቅ ይጠቅማል፤ የኋለኛው ከልክ በላይ ቢረዝም ግን ከኋላ የቆመው ሁሉ ይዘገያል፤ የስልክ ድምፅ ይቆራረጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው አርኤፍሲ 8290 የሚገልጸው ዘዴ የየአገልግሎቱን ሰልፍ ይለያል፤ ጥበቃውም ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ያለማቋረጥ ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ከሆነ መልእክት እየጣለ ሰልፉን ያሳጥራል። «ማከማቻ» የሚለውን ያነበበ ሰው ሁለቱንም ማስፋት ይገባኛል ብሎ ያስባል። ስለዚህ የመጀመሪያው «ማጠራቀሚያ»፣ ሁለተኛው «ወረፋ» ቢባሉ ይሻላል። ወረፋ እንዲረዝምበት የሚፈልግ ሰው የለምና ቃሉ ራሱ ያስተምራል።

አምስተኛው «የአገልግሎት ጥራት» የተባለው ነው። አንባቢው ይህን ሲከፍት ምስሉ የሚጠራለት ይመስለዋል። ተግባሩ ግን መሥመሩ በተጨናነቀ ጊዜ ማን ይቅደም የሚለውን መወሰን ብቻ ነው፤ የመሥመሩን አቅም አንዲት ነጥብ እንኳ አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የ802.1ኪው መለኪያ ለዚህ 8 ደረጃዎችን ይሰጣል። «የቅድሚያ አሰጣጥ» ቢባል የሐሰት ተስፋ አይፈጠርም።

ሒስ ወደ ራስም መመለስ አለበት። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቀደም ሲል ራውተርን «መንገድ መሪ» ማለት ይገባል ብሎ የተከራከረ ሰው ነው። ቃሉ የሚያምር ቢሆንም ከክርክሩ ጠረጴዛ አልፎ የወጣ አልሆነም፤ ሻጩም ጠጋኙም «ራውተር» ይላል። ሕዝብ የተቀበለውን የውጭ ቃል መንቀል ትርፉ ድካም ነው። በአንጻሩ «መሰኪያ»፣ «ወረፋ»፣ «ማድመጥ» በእጃችን እያሉ የባዕዱን ዘይቤ ቃል በቃል መገልበጥ ስንፍና ነው።

ስያሜ ሲወጣ ከግእዝ ይምጣ፣ ከአማርኛ ወይስ ከውጭ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሆኖም አንድ ሌላ ጥያቄ ሊቀድመው ይገባል፤ ይኸውም ይህን ቃል ያነበበ ሰው ቀጥሎ እጁን ወዴት ይሰዳል የሚለው ነው። እኅቱ ተግባሩ ምን እንደሆነ በተነገራት ጊዜ መልሳ ለመክፈት አላመነታችም። በዚያ ቤት የተለወጠው አንድ ቃል ብቻ ነበር።