በሰንዓው መቃማ ውስጥ የታዳሚው ድርሻ

የበላጋ ሊቃውንት ስለ አድማጭ የሚነግሩን ጥቂት ነው። አል-ቀዝዊኒ (739 ዓ.ሂ. ያረፉት) በላጋን ሲበይኑ ንግግር ፈሷሓው ሳይጎድል ከሁኔታው ጋር መጣጣሙ ነው ይላሉ፤ አድማጩም ስለ ዜናው ባዶ አእምሮ ያለው፣ የሚያመነታና የሚያስተባብል ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ደረሳ ሳለን ይህን ክፍፍል በቃላችን ይዘነዋል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ግን አድማጩ የሚመዘን እንጂ የሚመዝን አይደለም። ንግግር መዝናኛ በሆነበት ስፍራ ነገሩ ይገለበጣል፤ ይህንንም ከእርሳቸው ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀድመው ያሳዩን የመቃማቱ ባለቤት አል-ሐሪሪ (516 ዓ.ሂ.) ናቸው።

በመጀመሪያው፣ በሰንዓው መቃማ፣ ተራኪው አል-ሐሪስ ኢብኑ ሀማም ባዶ እጁን ከተማዋ ገብቶ ሰዎች ከበው የሚያለቅሱበት ወዕዝ ላይ ይደርሳል። ተናጋሪው ሞትንና ቀብርን ያስታውሳል፤ ከምክሩ የሚነቀፍ ቃል የለም። ሲጨርስ ታዳሚው እጁን ወደ ኪሱ እየሰደደ ይሰጠዋል። እርሱም ዓይኑን ሰበር አድርጎ ይቀበላል፤ ማደሪያው እንዳይታወቅ ሊሸኙት የሚሹትን እየተሰናበተ ይመልሳቸዋል። ሐሪስ ግን ተደብቆ ይከተለዋል፤ ዋሻ ውስጥም ከደረሳው ጋር በነጭ ዳቦ፣ በግልገል ጥብስና በነቢዝ ማሰሮ ዙሪያ ተቀምጦ ያገኘዋል። ሰውየው አቡ ዘይድ አስ-ሰሩጂ ነው።

ብዙዎቻችን ይህን መቃማ የአስመሳይ ሰባኪ ወግ አድርገን እናስተምረዋለን። እኔ ክብደቱን የማየው ታዳሚው ላይ ነው። ሞት እንደሚመጣ የማያውቅ በዚያ ጉባኤ አልነበረም፤ የተከፈለው ለዕውቀት ሳይሆን ለዕንባው ነው። ዕንባው ሲደርቅ ጉዳዩም አብሮ አለቀ፤ ተናጋሪውን እስከ ደጃፉ የተከተለ አንድ እንግዳ ብቻ ሆነ። ሌላም ታዳሚ አለ፤ እርሱም እኛ ነን። በሰጅዑ ተደስተን፣ በማታለሉ ስቀን መጽሐፉን እንዘጋለን። ሐሪሪ በመግቢያቸው ሥራው ለማንቃት እንጂ ለማታለል እንዳልሆነ፣ ሥራም በኒያ እንደሚመዘን ይከራከራሉ። መልሱ ለጸሐፊው በቂ ነው፤ ለአንባቢው ግን አይመስለኝም፣ የአንባቢን ኒያ ጸሐፊ አያኖርለትምና።

ኢብኑል ጀውዚ (597 ዓ.ሂ.) ቂሷ ነጋሪዎችን የሚገሥጽ ኪታብ ጽፈዋል። ራሳቸው ግን የባግዳድ ሕዝብ የሚጎርፍላቸው ዋዒዝ ነበሩ፤ በ580 ዓ.ሂ. መጅሊሳቸው ላይ የተገኘው ኢብኑ ጁበይር የታዳሚውን ለቅሶ በአድናቆት መዝግቦታል። ግብዝነት ነው ማለቴ አይደለም። አደጋውን ያወቁት ከሚንበሩ ላይ ሆነው ነው።

ዛሬ ከሙሉው ኹጥባ የምታስለቅሰው አንዲት ደቂቃ ተቆርጣ በየስልኩ ትሰራጫለች። የተቆረጠውን ያየ ኢማም ለሚቀጥለው ጁሙዓ ሲዘጋጅ ያቺን ደቂቃ አስቀድሞ ይፈልጋል፤ ሳያስበው የኹጥባው ደራሲ ታዳሚው ይሆናል። የሰፈሩ ሰው የኢማሙን ቤት፣ ጠባዩንና ዕዳውን ያውቃል፤ በስልክ የሚያየው ግን ሐሪስ የሄደበት መንገድ የለውም።

ሐምሳኛውን፣ የበስራውን መቃማ ከመጀመሪያው ጋር አጣምሮ ማስተማር የሚበጀው ለዚህ ነው። እዚያ አቡ ዘይድ እንደ ልማዱ ሊያታልል ቆሞ ሕዝቡን ዱዓ ይለምናል። የበስራ ሰዎችም ያደርጉለታል፤ እርሱም አታላይ ሆኖ የቆመበትን ጉባኤ ልቡ ተሰብሮ ይለየዋል። ሐሪስ በኋላ ሰሩጅ ድረስ ሄዶ በዒባዳ ተጠምዶ ያገኘዋል።